ሜሪ ወራሽ ወልዳ ቢሆን ኖሮ፦ ስለ ተሐድሶ ዘመን ነገሥታት ጥያቄና መልስ

«እንዲህ ባይሆን ኖሮ» ብላችሁ ስለ አውሮፓ ነገሥታት ቤቶች ለጠየቃችሁኝ ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ አርተር በ1502 ባይሞት ኖሮ አገሪቱ ካቶሊክ ሆና ትቀር ነበር?

መልስ፦ አርተር በ15 ዓመቱ ባይቀጭ ኖሮ ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ 8ኛ አይነግሥም ነበር፤ የወንድሙን ሚስት ካትሪንን ለማግባት የፖፑን ፈቃድ መጠየቅም ሆነ ኋላ ጋብቻው ይፍረስልኝ ብሎ ከሮም ጋር መለያየት አያስፈልገውም ነበር። ይሁን እንጂ የጀርመናዊው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የሉተር ጽሑፎች በ1520ዎቹ ካምብሪጅና ለንደን ገብተው ስለነበር፣ ተሐድሶው በንጉሥ አዋጅ ሳይሆን ቀስ በቀስ ከታች ይመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የሄንሪ 8ኛና የካትሪን ልጅ የሆነችው የእንግሊዝ ንግሥት የቀዳማዊት ሜሪ እርግዝና እውነት ቢሆን ኖሮስ?

መልስ፦ ከሁሉ አብልጬ የማስብበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ከግምት አስቀድሞ የተጻፈ ውል አለን። ሜሪ የስፔኑን ፊሊፕ በሐምሌ 1554 በዊንቸስተር ስታገባ 38 ዓመቷ ነበር። በሚያዝያ 1555 ለመውለድ ሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ገባች፤ ልደቱን የሚያበስሩት ደብዳቤዎች ቀኑ ብቻ ሳይሞላ ተጽፈው ተዘጋጁ፣ በለንደንም ወንድ ተወለደ ተብሎ ደወል ተደወለ። ልጅ ግን አልነበረም። ያን ሁሉ ወር የጠበቀችውን ሴት ሳስብ ዛሬም አዝናለሁ።

በጋብቻው ውል መሠረት የሚወለደው ልጅ እንግሊዝንና ኔዘርላንድስን አንድ ላይ ይወርሳል፤ ስፔን ግን ፊሊፕ ከመጀመሪያ ሚስቱ ለወለደው ለዶን ካርሎስ ትቀራለች፣ እርሱ ዘር ሳይተካ ከሞተ ደግሞ እርሷም ለዚሁ ልጅ ትተላለፋለች። ዶን ካርሎስ በ1568 በእስር ላይ ሳለ ያለ ልጅ ሞተ። ስለዚህ በ1555 የሚወለደው ልጅ በ13 ዓመቱ የእንግሊዝ ንጉሥና የስፔን አልጋ ወራሽ ይሆን ነበር፤ አባቱ በ1580 ፖርቱጋልን ሲጠቀልል ደግሞ ይህችም ትጨመርለት ነበር። ሜሪ በኅዳር 1558 ስትሞት ዘውዱ ለእኅቷ ለኤልሳቤጥ አይተላለፍም፤ ፓርላማው አስቀድሞ ባወጣው ሕግ ሞግዚቱ ፊሊፕ ራሱ ነበርና።

ጥያቄ፦ በፊሊፕ ላይ ያመፀችው ኔዘርላንድስ ታዲያ አታምፅም ነበር?

መልስ፦ የእንግሊዝ የሱፍ ጨርቅ በዋናነት የሚሸጠው በአንትወርፕ ስለነበር፣ ሁለቱን በአንድ ዘውድ ሥር ማስተዳደር ለነጋዴው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ነገር ግን በ1566 በኔዘርላንድስ የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎችና ሐውልቶች በፕሮቴስታንቶች የተሰባበሩት በሃይማኖት ምክንያት በመሆኑ፣ ንጉሡ ከማድሪድ ይልቅ ለንደን መቀመጡ ብቻ ቁጣውን ያበርደዋል ለማለት አልደፍርም።

ጥያቄ፦ ከሜሪ በፊት የነገሠው ወንድሟ ኤድዋርድ 6ኛ በ1553 በ15 ዓመቱ ባይሞትስ?

መልስ፦ ሜሪ አትነግሥም፤ በእርሷ ዘመን በእሳት የተቃጠሉት 280 ያህል ፕሮቴስታንቶችም በሕይወት ይቆዩ ነበር። ኤድዋርድ በ1551 የታጨው ለፈረንሳዩ ንጉሥ ልጅ ለኤልሳቤጥ ስለነበር፣ የፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ሚስት ካቶሊክ ትሆን ነበር። ያችው ልዕልት በ1559 የተዳረችው ሜሪ ለሞተችበት ለፊሊፕ ነው።