ጡረታ ልውጣ ወይስ ከቤት ሆኜ ሥራዬን ልቀጥል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ61 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከቤት ሆኜ በኮምፒውተር ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን መሥሪያ ቤታችን በሳምንት አራት ቀን ቢሮ ግቡ ብሎናል። ጉልበቴን ያመኛል፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትም እወስዳለሁ። ቤት መዋሉ ለጉልበቴ ተስማምቶኝ ነበር፤ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ድካም ድካም ይለኛል፣ ስብሰባ ላይ የተባለውን አልይዝም፣ የሰው ስምም ይጠፋብኛል። ልጆቼ «በቃሽ፣ ጡረታ ውጪ» ይሉኛል። እኔ ግን ሥራዬን እወደዋለሁ። ለጤናዬ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጡረታውን ነገር ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና ከድካሙ እንጀምር፤ ከደብዳቤዎ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ልጆችዎ የሥራ ድካም ነው ብለው ወስነዋል። ሊሆን ይችላል። ግን በእርስዎ ዕድሜ የሚመጣ ድካም ሁሉ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍም። ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚታከም ነገር አለ፣ እና ሳይመረመሩ ሥራውን ቢለቁ ድካሙም አብሮዎት ጡረታ ይወጣል።

ለስኳር የሚወስዱት ሜትፎርሚን ነው? ከሆነ፣ ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል ይወቁ። የቢ12 እጥረት ያደክማል፣ እግር ያደነዝዛል፣ ያስረሳልም። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ሕክምናውም ቀላል ነው። (ሜትፎርሚኑን ግን በራስዎ እንዳያቆሙት፣ አደራ።) በዚያው የደም ማነስ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ)፣ የኩላሊትና የስኳር ምርመራ ይደረግልዎ። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ የሚያዞርዎ ከሆነ የግፊት መድኃኒቱ መጠን በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ። ማታ የሚያንኮራፉና ጠዋት እንቅልፍ ሳይጠግቡ የሚነሱ ከሆነም አይደብቁ፤ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሰው ቀን ሲያንቀላፋ ይውላል፣ ግፊቱም በመድኃኒት አልወርድ ይላል።

አሁን ወደ ስብሰባው። የተባለውን የማይይዙት በኢንተርኔት ሲሰበሰቡ ነው ወይስ ፊት ለፊትም? ይህን የምጠይቀው ጆሮዎን ስለጠረጠርኩ ነው። በዕድሜ መስማት ሲቀንስ ቀድመው የሚጠፉት እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ሰው ሲናገር ይሰማዎታል፣ ያለውን ግን አይለዩትም። በዚያ ላይ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ የተናጋሪው ከንፈር ሳይታይ አንድ ሰዓት ሲቀመጡ አእምሮ በግምት ሲሞላ ይደክማል፤ በደንብ ያልሰሙት ነገር ደግሞ ከየት መጥቶ ይታወሳል? ስለዚህ የመስማት ምርመራ ያድርጉ፣ እስከዚያው በጥሩ ሄድፎን ይሰብሰቡ። ነገሩ ከስብሰባም ያልፋል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ነገሮች መካከል የመስማት መቀነስን ጠቅሷል። ከዝርዝሩ ውስጥ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ እንቅስቃሴ ማነስና ከሰው መነጠልም አሉበት።

ስም ጠፍቶብዎ ቆይቶ ትዝ የሚልዎት ከሆነ ብዙም አያስፈራም። ለዓመታት የሠሩትን ሒሳብ መሥራት ካቃተዎት ወይም በሚያውቁት መንገድ ላይ ከጠፉ ግን ቀጠሮ ሳያራዝሙ ይታዩ።

ጉልበትዎ ቤት በመዋልዎ ተሻለው ያሉት እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ደረጃውና መንገዱ ስለቀረ ሕመሙ ቀንሷል፤ በዚያው ልክ ግን ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ ሥራ ፈቷል፣ እና ይሄ ጡንቻ ከ60 በኋላ ካልተሠራበት ቶሎ ነው የሚሟሽሸው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብ ትንሽ ፈጠን እንዲል አድርጎ እንዲንቀሳቀስ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ እንዲያሠራ ይመክራል። እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት ጥሩ ጅምር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከከበደዎት ተደግፈው ይጀምሩ። ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ካገኙ ደግሞ እሰየው። ቤትም ሠሩ ቢሮ ገቡ ጡረታም ወጡ፣ ይሄ አይቀርልዎትም።

መነፅርዎንም ያሳዩ። የማንበቢያ መነፅር ለመጽሐፍ ርቀት የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለኮምፒውተር አይመችም፤ ሰው ሳያውቀው ወደ ኮምፒውተሩ አንገቱን ሲያሰግግ ይውልና ማታ ራሱን ሊያመው ይችላል።

ጡረታ ራሱ ለጤና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ቢሉኝ፣ እንደ ሰውየውና እንደ ሥራው ነው። ሥራው የሚያስጨንቀው ሰው ሲወጣ እፎይ ይላል። የሚወደውን ሥራ ተገፍቶ የተወ ግን ቤት ውስጥ ድብርት ሲይዘው በተደጋጋሚ አያለሁ። እርስዎ ሥራዬን እወደዋለሁ ብለዋል፤ ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እንደኔ እንደኔ ምርመራውም ሕክምናውም ተጀምሮ ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ አይወስኑ። በመሃል ለአለቃዎ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ገብተው ሌላውን ከቤት ለመሥራት፣ ወይም የመንገድ ግፊያ በሌለበት ሰዓት ለመግባት ይጠይቁ፤ ለጉልበትዎ የሐኪም ማስረጃ ሊጻፍልዎት ይችላል። ቢሮ መሄዱ ደግሞ ያን ያህል ክፉ አይደለም፤ ቢያንስ ሰው ያያሉ፣ ይራመዳሉ።

ለምርመራው ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይያዙ፣ ከልጆችዎም አንዱ አብሮዎት ይግባ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርጉት፣ ማታ እንደሚያንኮራፉና ምን እንደሚረሱ ከእርስዎ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።