«ኤክስፕሎድ» ሁሉ «ፈነዳ» ነው?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። «ኤክስፕሎድ»ን ሁልጊዜ «ፈነዳ» ስለው አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይሻክርብኛል። «የሕዝቡ ቁጥር ፈነዳ»፣ «ንድፈ ሐሳቡን አፈነዳው» ይባላል? የቃሉስ መነሻ ምንድን ነው?

መልስ፦ ባይሉት ይሻላል፤ በተለይ ሁለተኛውን።

የእንግሊዝኛው ግስ የወጣው ከሮማውያን ቲያትር ነው። ላቲኑ «ኤክስፕሎዴሬ» ይላል፤ «ኤክስ» ወደ ውጭ፣ «ፕላውዴሬ» ማጨብጨብ። ተመልካቹ ያልጣመውን ተዋናይ እያጨበጨበ ከመድረክ ሲያባርረው ማለት ነው። (ለአድናቆት የሚሆነው «አፕላውድ»ም ከዚሁ ግስ የተወለደ ነው።) በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ «አንቋሾ መጣል» ነበር፤ ለባሩድና ለመሰሉ የተለመደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርዎ የያዘው አሮጌውን ትርጉም ነው፤ «ንድፈ ሐሳቡን ውድቅ አደረገው» ወይም «ከንቱነቱን አጋለጠው» ይበሉ።

የእኛ «ፈነዳ» ግን ድምፅ ግዴታው አይደለም፤ የሚፈልገው ቅርፊት ነው። እምቡጥ ኮሽ ሳይል ይፈነዳል፤ ብጉርም እንዲሁ። ፊኛና ጎማ ሲፈነዱ ይጮኻሉ፤ ዋናው ነገር ግን የተወጠረው ቆዳ መቀደዱ ነው። «ፈንዲሻ»ን ይመልከቱ፦ በበቆሎዋ ፍሬ ውስጥ ያለው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ልባሷን ይቀድዳል፤ ልባሷ የተሰነጠቀች ፍሬ እንፋሎቷ ስለሚያመልጥ አትፈነዳም። «ፈንጂ»ም ከዚሁ ግስ የመጣ ነው፤ «ነዳ» «ነጂ» እንደሚሆነው ሁሉ «ደ» ወደ «ጀ» ዞሮ።

እንግዲህ ሲተረጉሙ «የተቀደደው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ወተት ድስቱን ሳይሰብር ስለሚወጣ ገነፈለ እንጂ ፈነዳ አይባልም። ቁጣም ይገነፍላል፤ ድንገተኛ ከሆነ ሰውዬው «ቱግ አለ» ነው፣ እሳት «ቦግ» እንደሚለው። የሕዝብ ቁጥር አሻቀበ። «አብዮቱ ፈነዳ» ግን ከ1966 ወዲህ የቆየ አነጋገር ነው፤ ታፍኖ የኖረ ነገር አለበትና ያስኬዳል። «በሳቅ ፈነዳ»ንም በዚሁ አልፈዋለሁ።

«በደስታ ፈነዳ» የሚለውን ግን አልወደውም። «በደስታ ፈነደቀ» እያለን ምን አስቸገረን? «ቀ»ዋን አይጣሏት፤ ሌላ ግስ ነው።