መልስ፦ ያ ክራር ደርዳሪ ልጅ
ደሴ አብሮን የተማረውን ክራር ደርዳሪ የሚያስታውስ አለ ወይ ብለሃል። እንዴት ይረሳል ወንድሜ! ከኋላው ወንበር እቀመጥ ነበር። ክራሩን የሠራው ራሱ ነው፤ ገበታው የዘይት ቆርቆሮ፣ ስድስቱ ክሮች ከብስክሌት ፍሬን ገመድ የተፈቱ ሽቦዎች። ክራር በአምስት ድምፅ ስለሚቃኝ፣ ቅኝት ሲቀየር ክሮቹን እንደገና ማጥበቅና ማላላት ግድ ነው። እሱ ግን ከአምባሰል ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ሲሻገር ጆሮውን ክሮቹ የሚታሰሩበት ቀንበር ላይ ለጥፎ፣ እኛ ስንንጫጫ፣ በአንድ አፍታ ይጨርሰዋል። የሒሳብ መምህራችን ሁለት ጊዜ ቀምተውታል (በሁለተኛው ቀን ቢሯቸው ዘግተው ሲሞክሩት ሰምተናቸዋል)። በበኩሌ፣ በኋላ በካሴት ከሰማኋቸው ብዙ ደርዳሪዎች ይልቅ እሱ በትዝታ ቅኝት የሚደረድረው ይበልጥብኛል፤ የተሰነጠቀው ቆርቆሮ ሲንቀጫቀጭ ጭምር።