የኔትወርክ አድራሻን በየትኛው ቁጥር እንጻፍ?

ጥያቄ፦ ለኮምፒውተሩ አድራሻው አንድ ቁጥር ከሆነ እኛ ለምን በአራት ከፍለን እንጽፈዋለን?

መልስ፦ ለዓይናችን ብለን ነው። 192.168.1.1 ሳይከፋፈል ቢጻፍ 3232235777 ይሆናል። ይህን በስልክ ለባልደረባዎ ማስጻፍ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያስቡት። ነጥቡ በየስምንት ቢቱ (ቢት ማለት 0 ወይም 1 ብቻ የሚይዝ ቦታ ነው) ስለሚገባ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 255 ነው።

ጥያቄ፦ በሰንጠረዥ ስደረድር 192.168.1.10 ከ192.168.1.2 ቀድሞ ይመጣብኛል። ሁሉንም በሦስት አኃዝ፣ 002 እና 010 እያልኩ ብሞላውስ?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት! ብዙ ፕሮግራሞች በዜሮ የሚጀምረውን ክፍል በስምንት መሠረት እንደተጻፈ ይቆጥሩታል፤ በዚያ አቆጣጠር 010 ማለት 8 ነው። ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ከእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የማተሚያ አድራሻ ገልብጬ ነበር። መልስ የሰጠኝ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነበርና ግማሽ ቀን ኬብል ስፈትሽ ዋልኩ። ለመደርደር አራቱን ክፍሎች በአራት ዓምድ ይለዩአቸው፤ አድራሻው ራሱ ግን አይነካ።

ጥያቄ፦ ሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በአስራ ስድስት መሠረት መጻፍ፣ መቼ ይሻላል?

መልስ፦ የቢቶቹን ድንበር ማየት ሲያስፈልግ። አንዱ አኃዝ ልክ አራት ቢት ይይዛል። አስርዮሽ ግን ድንበሩን ይሸፍነዋል፦ 255.255.255.240 የሚለውን ማስክ (ከአድራሻው የትኛው ክፍል የኔትወርኩ እንደሆነ የሚለይ ቁጥር) ያየ ሰው 240 በቢት ሲጻፍ አራት አንድና አራት ዜሮ መሆኑን ወዲያው አይረዳም። ለማስክ እኔ የምመርጠው /28 የሚለውን አጻጻፍ ነው። ከ32ቱ ቢት 28ቱ የኔትወርኩ ናቸው፤ በቀሩት 4 ቢቶች 16 አድራሻ ይገኛል።

ጥያቄ፦ አዲሱና ረጅሙ የአይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) ስሪት 6 አድራሻስ? አንዱን በብዙ ዓይነት ተጽፎ አየዋለሁ።

መልስ፦ ሁሉም ትክክል ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። 0:0:0:0:0:0:0:1 እና ::1 አንድ ናቸው፤ በመዝገብ ውስጥ አንዱን ብለው ሲፈልጉ ሌላው ያመልጥዎታል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 5952 የተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ አንድ አጻጻፍ አስቀምጧል፦ ትንንሽ ፊደላት፣ ከፊት ያለ ዜሮ ማስቀረት፣ ረጅሙን የዜሮ ተርታ በ:: መተካት። ሰነድ ስትጽፉ በዚህ ጽኑ።

ጥያቄ፦ በግዕዝ ቁጥር መጻፍ ይቻል ይሆን?

መልስ፦ ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። 192 ፻፺፪፣ 168 ደግሞ ፻፷፰ ይሆናሉ፤ ያምራሉም። ግዕዝ ግን የዜሮ ምልክት የለውምና 10.0.0.1 ላይ ስንደርስ መንገዱ ይዘጋብናል።