ከ48 ሺህ ብሩ በፊት አንድ ወፍጮ ቤት

ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀች የደሴ ልጅ ረጅም ደብዳቤ ጽፋልኛለች። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቀች ዓመት ሊሞላት ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ደሴ አጠገብ ባለው የጦሳ ተራራ ላይ ከነፋስ ኃይል ስለማመንጨት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ልቧ ታዳሽ ኃይልን በሚያጠናና በሚያቅድ ሥራ ላይ ቀርቷል። «የሥራ ማስታወቂያዎቹ የአሥር ሶፍትዌር ስም ይደረድራሉ፤ እኔ አንዱንም ጠንቅቄ አላውቅም» ትላለች። አዲስ አበባ ውስጥ በ48,000 ብር የሦስት ወር ሥልጠናና ሰርተፍኬት የሚሰጥ ቦታ አግኝታለች፤ ገንዘቡን ሪያድ የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ሊልክላት ቃል ገብቷል። አባቷ ደግሞ የባንክ ሥራ አፈላልገውላታል፤ ከአንድ ወር በኋላ ትጀምራለች ተብሏል። «ሴት ልጅ ሜትር ተሸክማ ገጠር ለገጠር አትዞርም» ብለዋታል። ሁለተኛ ዲግሪ፣ እንግሊዝኛና ወደ አዲስ አበባ መሄድም ያሳስቧታል። «ምን ይመክሩኛል?» ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣

ብሩን አትክፈይ።

በመጀመሪያ ነገር፣ ከዘረዘርሻቸው የሶፍትዌር መሣሪያዎች አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ካርታ የምትሠሪበት ኪውጂአይኤስ ነጻ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል ያዘጋጀው ፒቪጂአይኤስ ደሴ ላይ ጠቋሚውን ስታስቀምጪ የአንድ ኪሎዋት ፓኔል በየወሩ ስንት እንደሚያመርት ይነግርሻል፤ ሳንቲም አይጠይቅም። የታዳሽ ኃይል ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይባል የነበረው የአሜሪካ ተቋም የሠራው፣ የኃይል ምርትንና ወጪን የሚያሰላው ሳም ነጻ ነው። የዓለም ባንክ የሚደግፋቸው የፀሐይና የነፋስ አትላሶችም እንዲሁ። አነስተኛ የኃይል ሥርዓቶችን የሚነድፈው ሆመር ከዚያው ላቦራቶሪ ተወልዶ ዛሬ በኩባንያ እጅ ስላለ ፈቃዱ ይገዛል፤ እሱንም ቢሆን የሚገዛው የሚቀጥርሽ ድርጅት ነው። ስለዚህ 48,000 ብሩ የሚወጣው ለመሣሪያው ሳይሆን የቱን ቁልፍ መጫን እንዳለብሽ ለሚያሳይሽ ሰውና ለወረቀቱ ነው። አንቺ አምስት ዓመት ምህንድስና የተማርሽ ልጅ ነሽ። ቁልፉን ራስሽ ታገኚዋለሽ።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ላይ ባየሁት ነገር ምክንያት ነው። ሰባት ዓመት በወሎ ገጠር የውኃ ፓምፕ ጥገና ቴክኒሻን ነበርኩ። አንድ ጊዜ በቅርቡ የተተከለ የፀሐይ ፓምፕ ሮቶውን መሙላት አቅቶታል ተብሎ ተላክን። ዲዛይኑን የሠራው መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ሰነድ በእጄ ነበር። ባለቀለም ግራፍ፣ የየወሩ የፀሐይ መጠን፣ የሃያ ዓመት ወጪ ሁሉም በሥርዓት ተቀምጧል። ማለዳ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ጫፉ ላይ ብሎን ያሰርኩበትን ገመድ ወደ ጉድጓዱ ለቀቅኩት። ብሎኑ ውኃውን ሲመታ ድምፁ የመጣው 38 ሜትር ላይ ነው። ሰነዱም 38 ይላል። ፓምፑን አስነስተን ሦስት ሰዓት ቆይተን ደግመን ስንለካ 61 ሜትር ሆነ። ፓምፕ ሲስብ የጉድጓድ ውኃ ይወርዳል፤ ዲዛይኑ ግን የተሠራው በተኛው ውኃ ልክ ነበር። ሮቶው የተሰቀለበት 8 ሜትር ሲጨመርበት 46 ሜትር የተባለው 69 ሆነ ማለት ነው፤ ያንኑ ውኃ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል በግማሽ ጨመረ። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም። 38 ብለው ሰጡት፣ በ38 አሰላ። ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ከሌሊት ጀምሮ የሚጠብቁት ሴቶች ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም። ገመድ የለቀቀ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ አይሆንም ነበር።

አንቺም ያያዝሽልኝን የመመረቂያ ጽሑፍ አነበብኩት። ስሌቱ ንጹሕ ነው፣ አጻጻፉም ያምራል። የነፋሱ ፍጥነት ከየት እንደመጣ የሚናገረው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ከአትላስ የተወሰደ» ይላል። የዓለም የነፋስ አትላስ መሬቱን በ250 ሜትር ርቀት ነጥብ በነጥብ አድርጎ በስሌት የሚገምት እንጂ ጦሳ ላይ ምሰሶ ተክሎ የለካ አይደለም። በ250 ሜትር ውስጥ ጦሳ ላይ ገደልም ሜዳም አለ። የነፋስ ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱን 10 በመቶ ከፍ አድርገሽ ከገመትሽ ኃይሉን 33 በመቶ አሳበጥሽው። በዚያ ላይ በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያንን የከፍታ ቁጥር ማስገባትሽን ከጽሑፉ ማወቅ አልቻልኩም። እንደ አሸጎዳው 120 ሜጋዋት ያለ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ከመሠራቱ በፊት መለኪያ ምሰሶ ተተክሎ ነፋሱ ክረምት ከበጋ የሚለካው ለዚህ ነው። አትላስ የት ሄደሽ መለካት እንዳለብሽ ይጠቁምሻል፤ የለኪውን ሥራ አይሠራልሽም።

በፀሐይም ያው ነው። ናሳ በነጻ የሚያቀርበው የፀሐይ መረጃ የተሠራው በየአቅጣጫው አንድ ዲግሪ፣ ማለትም 110 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ነው። ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ካሬ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ለሁለቱም የሚሰጥሽ ቁጥር አንድ ነው። ደሴን በጉም ተሸፍና ትተሽ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ስንት ጊዜ ተቀብላሻለች? ይህን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ካሬው አያውቅም። ፒቪጂአይኤስ የተራራ ጥላን ስለሚያሰላ ጦሳ ከሰዓት በኋላ የሚጥለውን ጥላ ይቆጥርልሻል፤ የጎረቤትን ፎቅና ባሕር ዛፍ ግን አያይልሽም።

እንግዲህ ለሥልጠናው ያሰብሽውን ሦስት ወር ለአንድ ወፍጮ ቤት ስጪው። በቃሉ ወይም በተሁለደሬ ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰበት፣ በናፍጣ የሚሠራ አንድ ወፍጮ ፈልጊ። ደብተር ያዢ። ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት ነው? በስንት ሰዓት ተነሳ፣ በስንት ሰዓት ጠፋ? ስንት ኩንታል ፈጨ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ ጠጣ? ጤፍ ሲሆንስ፣ ማሽላ ሲሆንስ? ባለ ወፍጮው ለመለዋወጫና ለጥገና በዓመት ምን ያህል ያወጣል? በመጀመሪያ ሊሸሽሽ ይችላል፤ የግብር ሰው ትመስይዋለሽ። ሦስተኛው ቀን ላይ በርጩማ ያቀርብልሻል።

ከዚያ የገበያው ቀን ይመጣል። ወፍጮው በሳምንት ስድስት ቀን አራት አራት ሰዓት ሠርቶ በገበያ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሠራ እንበል። ድምሩ 35 ሰዓት ነው፤ ለሰባት ሲካፈል አማካዩ 5 ሰዓት ይሆናል። ቢሮ የተቀመጠ አጥኚ 5 ብሎ ያስገባል፤ ሶፍትዌሩም በ5 ሰዓት ልክ ፓኔልና ባትሪ ይመርጣል። በዚያ መንደር ግን ወፍጮው 5 ሰዓት የሚሠራበት ቀን አንድም የለም። በስድስቱ ቀን ኃይል ይባክናል፣ በገበያ ቀን ደግሞ እህሏን አዝላ ሁለት ሰዓት የተጓዘች እናት ሳታስፈጭ ትመለሳለች። ከፋሲካና ከአረፋ በፊት ያለውን ሳምንት፣ ፓኔል የሚደክምበትን የሐምሌና የነሐሴን ደመና ጨምሪበት። ሞተሩ በኤሌክትሪክ ሲተካ በቀጥታ ከተነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ፍሰት እንደሚስብ አንቺው ተምረሽዋል፤ የፓኔሉን ኃይል ለሞተሩ እንዲስማማ የሚቀይረውን የኢንቨርተሩን መጠን የሚወስነው ያ ቅጽበት ነው። ይህን ሁሉ ከያዝሽ በኋላ ሳምን ክፈቺ፣ ከፈለግሽም በኤክሴል ጀምሪ። ያኔ መሣሪያው ጥያቄሽን የሚመልስ አገልጋይ ይሆንልሻል፤ ሁለተኛውን በሁለት ሳምንት፣ ሦስተኛውን በሳምንት ትለምጂዋለሽ።

ጉዳዩ የአንድ ወፍጮ ብቻ ሆኖ እንዳይታይሽ። አገር አቀፉ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲከለስ፣ 65 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ በሆኑ አማራጮች ለማዳረስ አቅዶ ነበር። የትኛው መንደር ከየትኛው ወገን ይሁን የሚለውን ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸው እንደ ኦንሴት ያሉ ሞዴሎች ከመስመሩ ያለውን ርቀት፣ የሕዝቡን ብዛትና የፍላጎቱን መጠን አይተው ርካሹን መንገድ ይመርጣሉ። ርቀቱ በካርታ ይለካል። ፍላጎቱ ግን ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ወፍጮውን ያልቆጠረ ሰው «ይህ መንደር አምፖልና ስልክ መሙያ ይበቃዋል» ብሎ ይጽፋል፤ መንደሩም ለዓመታት አምፖል ይዞ ይቀመጣል። የወሎን ገጠር የሚያውቅ፣ ቁጥር የሚይዝ ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ስለ አባትሽ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ሴት ልጅ ገጠር ለገጠር አትዞርም» ያሉትን አልቀበለውም። ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚይዘው ማን ነው? ሴቷ ናት። ውኃ የምትቀዳው፣ ጭሱ የሚያቃጥላት እሷ ናት። እኔ በሰባት ዓመት ውስጥ ያቺን ሴት አንድ ነገር ስጠይቃት ባሏ እየቀደመ ሲመልስልኝ ኖሬያለሁ። አንቺ ግን አጠገቧ ተቀምጠሽ ትጠይቂያታለሽ። ስለ መንገዱ ደኅንነት ከሠጉ ትክክል ናቸው፤ ሰላም መሆኑ የተረጋገጠ ቦታ ምረጪ፣ በጠዋት ሄደሽ በጊዜ ተመለሽ፣ በመጀመሪያው ቀን አባትሽ ራሳቸው ይሸኙሽ። ባንኩ ግን የደኅንነት ጉዳይ አይደለም። የቤት ወጪውም የታናናሾችሽ ትምህርትም በአራዳው የቤተሰብሽ ሱቅ እንደሚሸፈን ራስሽ ጽፈሻል። ቤቱ ደመወዝሽን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ «ነገውኑ ግቢ» እልሽ ነበር። ይህ ግን የእንጀራ ሳይሆን ጎረቤት «የእገሌ ልጅ ባንክ ገባች» እንዲል የሚፈለግ ነው። ለዚያ ሲባል አምስት ዓመት የተማርሽው አይቀበር። አባትሽ ሥራ ያፈላለጉት በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ እምቢ ስትያቸውም በፍቅርና ፊት ለፊት ይሁን።

ወንድምሽም ቢሆን፣ ያ ገንዘብ በሪያድ ሙቀት የተላበበት ነው። ሊረዳሽ ከፈለገ ለአንድ ዲጂታል መልቲሜትር፣ ለአንድ የፀሐይ ጨረር መለኪያና ለትራንስፖርት የሚበቃ ይላክልሽ። የቀረው ለራሱ ይቀመጥለት።

ከሁሉ ያስገረመኝ የደብዳቤሽ የመጨረሻ መስመር ነው። «ኮምቦልቻ ፓኔልና ፓምፕ የሚሸጥና የሚገጥም ሱቅ የገጠር ተከላ እንድሠራ ጠይቆኝ ነበር፤ ደመወዙ የባንኩን ግማሽ አይሞላም» ብለሽ፣ እንደሚያሳፍር ነገር ከግርጌ አስቀምጠሽዋል። እኔ ብሆን ከላይ እጽፈው ነበር። ከተከላው ጋር ገጠር ትወጫለሽ፣ መለኪያ ትይዣለሽ፣ የተበላሸውን ታያለሽ፣ ወፍጮሽንም እግረ መንገድሽን ታገኛለሽ። ሁለት ዓመት እዚያ ሥሪ። ደመወዙን ተደራደሪ፣ የጉዞ አበል ለብቻው እንዲታሰብ ጠይቂ፣ ውሉን በጽሑፍ ያዢ።

ሁለተኛ ዲግሪውን ከእነዚያ ሁለት ዓመታት በኋላ አስቢበት፤ ያኔ የምታጠኚው ነገር በእጅሽ ይኖራል። እንግሊዝኛሽ ለሪፖርት ይበቃል። አዲስ አበባ የትም አትሄድም። ኮምቦልቻ ያለው የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ መረጃ ለመጠየቅ ግን ከትምህርት ክፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ አሁኑኑ ጠይቂ፤ እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይወስዳል።

ደብተሩን አምስት ቦታ ክፈይው፦ ቀን፣ የተነሳበትና የጠፋበት ሰዓት፣ ኩንታል፣ ናፍጣ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ብዛት። የመጀመሪያው የገበያ ቀን ገጽ ሲሞላ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ከሌሎቹ ስድስት ቀናት አጠገብ አስቀምጠን አብረን እናየዋለን።