የበረዶ ሞተር የት እንንዳ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው አውሮራ ኮሎራዶ ነው፤ 11 ዓመት ሆነኝ። ተራራውን በየቀኑ በመስኮት አያለሁ፣ ግን በበረዶው ወራት አንድም ቀን ወጥቼበት አላውቅም። ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ ከሚኒሶታ ለበዓል ይመጣል። እዚያ ስኖውሞቢል (የበረዶ ሞተር) መንዳት ለምዷል፣ «ተራራ ላይ ካልነዳን» ብሎ በየቀኑ ይደውላል። ልጆቼ 9 እና 14 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ደግሞ «አደጋ ነው፣ ልጆቼን አልሰጥም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣው ፎቶ ብቻ ነው፤ ሁሉም «ምርጥ ቦታ» ይላል። ለእኛ የሚሆነው የቱ ነው? መቼስ ብንሄድ ይሻላል?

የሁለት ልጆች አባት፣ ከአውሮራ

መልስ

ወንድሜ፣ ከባለቤትህ ልጀምር። እውነቷን ነው፣ አደጋ አለው። ግን አደጋው ከማሽኑ ይልቅ ከቦታው ምርጫ ነው የሚመጣው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ቦታውን የሚመርጠው በጣም የጓጓው ሰው ይሆናል። የእናንተን ቦታ ወንድምህ አይምረጥ። በ9 ዓመቱ ልጅ ልክ ምረጡ።

በእሱ ልክ ከሆነ መልሴ ግራንድ ሌክ ነው። ከዴንቨር 100 ማይል ገደማ ነው፤ መንገዱ ደህና ከሆነ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በአይ 70 አውራ ጎዳና ትወጣና ወደ 40 ቁጥር ትታጠፋለህ፣ የበርትሁድን የተራራ ማለፊያ ትሻገራለህ፣ ከዚያ በዊንተር ፓርክና በግራንቢ በኩል ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች። ከፍታዋ 2,550 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ትላለች። በበረዶው ወራት ሰዉ ስኖውሞቢሉን በከተማው መንገድ ላይ ይነዳል፤ ቁርስ ቤት በር ላይ እንደ መኪና አቁሞ ይገባል። ልጆችህ ይህንን ሲያዩ የሚሆኑትን እኔ ከአሁኑ ይታየኛል።

ዋናው ግን ይህ አይደለም። ከከተማዋ ወጣ ሲባል በአራፓሆ ብሔራዊ ደን ውስጥ ከ100 ማይል በላይ በማሽን የተደለደለ መንገድ አለ። ለጀማሪ ትልቁ ነገር ድልዳሉ ነው። የተደለደለ መንገድ ላይ ማሽኑ አይሰምጥም፣ አቅጣጫ አይጠፋም፣ ቢበላሽም ከኋላህ ሰው ይመጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ በ2020 በኦክቶበር ወር የተነሳው ትልቁ እሳት በዚያ አካባቢ ብዙ ደን በልቷል። ደርቀው የቆሙ ዛፎች አሁንም አሉ፤ ንፋስ ሲነሳ ይወድቃሉ። ንፋስ ባለበት ቀን እዚያ መሃል ቆማችሁ ምሳ አትብሉ። ሌላው፣ ከከተማዋ አጠገብ ያለው የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ወደ ደኑ ከምታሻግር አንዲት አጭር መንገድ በቀር እዚያ ስኖውሞቢል አይፈቀድም፤ አጥር ስለሌለ ብቻ ክፍት ነው ብላችሁ እንዳትገቡ።

ሌላ ቦታ ማየት ከፈለግህም ፎቶውን ተወውና መጀመሪያ «መሬቱ የማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ኮሎራዶ ውስጥ ተራራው አብዛኛው የደን አገልግሎት የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሬት ነው፤ ግን ሁሉም ለሞተር ክፍት አይደለም። በ1964 በወጣው ሕግ «ዊልደርነስ» ተብለው የተከለሉ ቦታዎች ውስጥ ማንኛውም ሞተር ክልክል ነው። ድንበሩ በረዶ ሥር ተቀብሮ ላይታይህ ይችላል፤ ቅጣቱ ግን አይቀርም። ስለዚህ የአካባቢውን የደን ጽሕፈት ቤት ስልክ ፈልግና ደውል። የበረዶውን ወራት ካርታ ስጡኝ በል፤ በረዶ የሌለበት ወራት ካርታ ሌላ ነው፣ አያገለግልህም። ከዚያ «መንገዱ መጨረሻ የተደለደለው መቼ ነው?» እና «ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ በረዶ አለ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከመቶ ፎቶ ይበልጣሉ።

ራቢት ኢርስን ወንድምህ ሳያነሳብህ አይቀርም። ስቲምቦት ስፕሪንግስ አጠገብ ያለ ማለፊያ ነው፤ በረዶው ጥልቅ ነው፣ ውበቱም እውነት ነው። አንዱ ወገን ለበረዶ ሸርተቴ ብቻ የተተወ ነው፣ ሌላው ለሞተር፤ ካርታ ሳያዩ አይገባበትም። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት እዚያ ሄጄ ነበር። ጓደኛዬን ለማሳለፍ ብዬ ከድልዳሉ ሁለት ሜትር ብቻ ወጣሁ። ላዩ ጠንካራ ይመስል ነበር። ፍጥነት ስቀንስ ኋላው ቁልቁል ሄደ፣ ነዳጅ ስሰጠው ደግሞ የጎማው ቀበቶ ከሥሩ ጉድጓድ ቆፈረ። ስወርድ እስከ ወገቤ ገባሁ። ማሽኑ ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ በእጃችን በረዶውን እየዛቅን፣ ከፊቱ እየረገጥን፣ ለማውጣት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ድካሙን ችዬው ነበር። ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ላብ ያረጠበው ሸሚዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጀርባዬ ላይ እንደ ብረት ቀዘቀዘ። የለበስኩት ጥጥ ነበር። የ9 ዓመት ልጅ ከኋላዬ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ቬይል ፓስ የሚባለው ማለፊያም ስሙ ይነሳል። ለዴንቨር ቅርብ ነው፣ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ሲሉ እዚያው ነው፣ የቀን ክፍያ አለው። ከፍታው ግን 3,250 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሸርተቴውም ሞተሩም አንድ ላይ ይሄዱበታል። ልጆቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ ይደረስበታል።

አሁን ስለ ወንድምህ። ሚኒሶታ የስኖውሞቢል አገር ነው፤ የማሽኑ ሠሪዎች ፖላሪስም አርክቲክ ካትም የተወለዱት እዚያ ነው። ግን ሜዳ ነው። እዚያ የሚነዳው በረጋ ሐይቅ ላይና በጫካ መሃል በተደለደለ መንገድ ነው፣ የበረዶ ናዳን አያውቀውም። ኮሎራዶ ደግሞ በአሜሪካ በበረዶ ናዳ ብዙ ሰው የሚሞትበት ግዛት ነው። ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ዳገት ላይ ነው፤ ሞተር የለመደ ሰው «እስቲ ምን ያህል እወጣለሁ» ብሎ የሚሞክረውም ልክ ይህንን ዳገት ነው። ሰው ሲቀበር ናዳውን የሚያስነሳውም ብዙ ጊዜ ራሱ ወይም አብሮት ያለው ሰው ነው። የተቀበረ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይወርዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአጠገቡ ካለው ሰው በቀር ማንም አይደርስለትም። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፣ ነፃ ነው። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ወንድምህ ራሱ ያንብበው። ከተደለደለው መንገድ ወጥቶ ዳገት ልሞክር ካለ መፈለጊያ መሣሪያ፣ አካፋና መውጊያ ዘንግ ይዞ፣ መጀመሪያ የበረዶ ናዳ ኮርስ ወስዶ፣ ሌላ ቀን ከሌላ ሰው ጋር ይሂድ። ልጆቹ ባሉበት ቀን ይህ ወሬ አይነሳ። አንተ ታላቁ ነህ፣ ይህን የምትናገረው አንተ ነህ።

የመጀመሪያው ቀን ከአስጎብኚ ጋር ይሁን፣ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ነዳጁ በቀኝ አውራ ጣት የሚገፋ ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁን ይጨብጣል፣ ሲጨብጥ ደግሞ ነዳጅ ይሰጣል። ስለዚህ ልጆቹ ከመነሳታቸው በፊት ቆመው «ልቀቅ» የሚለውን አሥር ጊዜ ይለማመዱ። ከሰውነት ጋር የሚታሰረው የማጥፊያ ገመድ ሳይታሰር ማንም አይንዳ። ትንሹ ካንተ ኋላ ይቀመጥ፣ እግሩ መርገጫው ላይ መድረሱን አንተው አረጋግጥ፤ ካልደረሰ ዘንድሮ አይቀመጥ። የ14 ዓመቱ ራሱ መንዳት ይችል እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ፤ ብዙ አከራዮች መንጃ ፈቃድ ይፈልጋሉ።

ልብስ ላይ ጥጥ አይሁን፤ ሱፍ ካልሲ፣ ሱፍ ወይም ላብ የሚያደርቅ የውስጥ ልብስ። ባለቤትህ ለልጆቹ ጋቢ ልጨምር ብትል መኪና ውስጥ ይቆይ፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ ሁሉ፣ ነጠላም ሻርፕም፣ ከሚሽከረከረው ቀበቶ ጋር አይቀራረብ። ስንቅ ቆሎ ያዙ። ቸኮሌት ብርድ ላይ ድንጋይ ይሆናል፣ ቆሎ ግን ያው ቆሎ ነው። ሻይ በፔርሙስ፣ ውሃም ብዙ ጠጡ፤ ከፍታው ራስ ያሳምማል።

ኪራዩ ላይ ሁለት ነገር አደራ። የመኪና ኢንሹራንስህ ይህንን ይሸፍናል ብለህ አትገመት፤ ደውለህ ጠይቅ። ማሽኑን ስትረከብ ደግሞ ከመፈረምህ በፊት ዙሪያውን በስልክህ ቪዲዮ ቅረጸው፣ የፊቱን ሸርተቴ ታቹን ጭምር። እኔ አንድ ጊዜ ቀድሞ የነበረ ስንጥቅ ከመያዣዬ ላይ ተቆርጦብኛል፤ ማስረጃ ስላልነበረኝ ተከራክሬም አላስመለስኩም።

መቼ ለሚለው፣ የፈረንጆቹ ገና ሳምንት ውድ ነው፣ ሰው ይበዛዋል፣ በረዶውም ገና ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ወንድምህ ፈቃዱን መግፋት ከቻለ የእኛ ገና በዋለ ማግስት ባሉት ቀናት ኑ። ጾሙ ተፈትቷል፣ ቱሪስቱ ተመልሷል፣ በረዶው ጠንቷል። የጃንዋሪውን የማርቲን ሉተር ኪንግ ቅዳሜና እሁድ ግን ሽሹ፤ አይ 70 ላይ ቀኑ ያልቃል። መኪናህ ባለ ሁለት ጎማ ጉልበት ከሆነ በዚያ መንገድ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው።

ለባለቤትህ አንድ ታሪክ ንገርልኝ። በ1934 በበረዶው ወራት፣ ካናዳ ኩቤክ ውስጥ፣ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር የተባለ መካኒክ የሁለት ዓመት ልጁ ታሞበት በረዶው መንገዱን ስለዘጋ ሐኪም ቤት ሳያደርሰው ሞተበት። ቀድሞም በረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ይሞክር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን ገፋበት፣ በ1937 የበረዶ መኪናውን የፈጠራ መብት አገኘ፣ በ1959 ደግሞ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን ስኪ ዱ የተባለ ቀላል ስኖውሞቢል አወጣ።

ጥያቄ

እኔ ሲያትል ነኝ። የ5 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ብቻዬን ነው የማሳድጋት። ስኖውሞቢል ላይ ይዣት ልወጣ አስቤ ነበር፤ የት ይሻለኛል?

እናት፣ ከሲያትል

መልስ

እህቴ፣ ለ5 ዓመት ልጅ ገና ነው። እግሯ አይደርስም፣ ሄልሜቱ አንገቷን ይከብዳታል፣ ኋላሽ ብታንቀላፋም አታያትም። ዘንድሮ በአይ 90 ወደ ስኖኳልሚ ማለፊያ ውጪና ሃያክ ስኖ ፓርክ ውሰጃት፤ ለልጆች መንሸራተቻ የተዘጋጀ ኮረብታ አለ፣ ሞተር አይገባበትም። ለመኪናሽ የስኖ ፓርክ ፈቃድ ቀድመሽ ግዢ። ትርፍ ጓንት ሁለት ጥንድ ያዢላት፤ የካስኬድ በረዶ እርጥብ ነው፣ አንዱ በግማሽ ሰዓት ይበሰብሳል። አንቺ ለራስሽ መንዳት ካማረሽ፣ ልጅሽን ለሰው አደራ ሰጥተሽ፣ ማለፊያውን አልፈሽ ያለው የክሌ ኤለም አካባቢ ብዙ የተደለደለ መንገድ አለው።

ጥያቄ

ኦስሎ ነው የምኖረው። ዙሪያዬ ሁሉ በረዶና ተራራ ነው፤ ግን ስኖውሞቢል የሚከራይ ሰው አጣሁ። ለምንድን ነው?

አንባቢ፣ ከኖርዌይ

መልስ

ያጣኸው ሕጉ ስለማይፈቅድ ነው። ኖርዌይ በ1977 ባወጣችው ሕግ ከመንገድ ውጪ ለመዝናኛ ሞተር መንዳት በመሠረቱ ክልክል ነው። አንዳንድ ወረዳዎች የመዝናኛ መስመር ከፍተዋል፣ ግን ከተከፈተው መስመር መውጣት አይቻልም፣ ለመንዳትም የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስዊድን ሰፋ ያለ ነው፣ እዚያም ግን ለስኖውሞቢል የተለየ የመንጃ ማስረጃ ይጠየቃል። ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ከሆነ ፊንላንድ ይቀልሃል፤ በመኪና መንጃ ፈቃድ ብቻ መንዳት ይቻላል። ከሮቫኒየሚና ከሳሪሴልካ ከአስጎብኚ ጋር የሚወጡ ጉዞዎች አሉ። ስትይዝ አንድ ነገር አጣራ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው የሚጻፈው ለሁለት ሰው በአንድ ማሽን ነው፣ ብቻህን መንዳት ከፈለግህ ጭማሪ አለው። ጉዳት ቢደርስ ከኪስህ የምትከፍለው እስከ ስንት እንደሆነም በጽሑፍ ይስጡህ።