መልስ፦ ማታ 20 ደቂቃ ብቻ ካለኝ ቺንቺላዬን እንዴት ላንቀሳቅሰው?

ከሥራ ማታ 2 ሰዓት መግባትዎ ለእሱ እንዲያውም ይመቸዋል። ቺንቺላ (ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ አይጥ መሰል የቤት እንስሳ) ቀን ተኝቶ ውሎ ሲመሽ ነው የሚነቃው፤ ቀን ቀስቅሶ ማጫወት ትርፉ ማስደንገጥ ነው።

ዋናውን ሥራ ግን የሽቦ ቤቱ ይሥራልዎ። የመሮጫ መንኮራኩር ያስገቡለት፤ ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 38 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከእሱ ለሚያንሰው አይጥ መሰል እንስሳ፣ ለሃምስተር፣ የተሠራው ትንሹ መንኮራኩር ጀርባውን ያጎብጠዋል። መርገጫው ድፍን ብረት ይሁን፤ ዘንግ ወይም ወንፊት ከሆነ እግሩ መሃል ገብቶ ይሰበራል። ፕላስቲክ ደግሞ ያኝከዋል፣ የዋጠው ስብርባሪም አንጀቱን ይዘጋል። እየዘለለ የሚያርፍበት፣ ቀለምም ቫርኒሽም ያልነካው የፓይን ጣውላ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ይግጠሙ። ከላይ እስከ ታች ባዶ ከተተወ፣ የወደቀ ዕለት ይጎዳል።

20 ደቂቃዋን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይልቀቁት፤ የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግተው፣ ሳሙናውንና የኤሌክትሪክ ገመዱን አንስተው። ለመመለስ አያሳድዱት፤ ፀጉሩን ከያዙት እጅዎ ላይ ነቅሎ ይሄዳል። የአቧራ መታጠቢያውን ሳህን (በውሃ ፋንታ ተንከባሎ ፀጉሩን የሚያጸዳበትን ደቃቅ አቧራ የያዘውን) የሽቦ ቤቱ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ራሱ ይገባል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሳህኑን ያውጡ፣ ቆዳው እንዳይደርቅ።

እንስሳውን ውስጡ ዘግተው የሚያንከባልሉትን የፕላስቲክ ኳስ ግን አይግዙ። ቺንቺላ አያልበውም፣ ውስጡ ይታፈናል። ክፍሉ ከ25 ዲግሪ ካለፈ ወይም ጆሮው ከቀላ ጨዋታው ለዚያ ቀን ይቅር።